ያልዞርነው ቢሮ

መጨረሻ ላይ አብረን የሠራነው ነገር መሰላል ማውረድ ነው። መብራት ሄዷል። ሊፍቱ ከመጀመሪያውም አይሠራም ነበር። ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ድረስ ደረጃው ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። ባሌ ከፊት ይዟል፣ እኔ ከኋላ። መታጠፊያ ላይ በደረስን ቁጥር «ቀስ» ይለኛል፤ መሰላሉን ቀና አድርጎ ከብረቱ ድጋፍ በላይ ያሳልፈዋል፣ እኔም እጄ እንደመራኝ እከተላለሁ። አንዱ መታጠፊያ ላይ የመሰላሉ እግር ግድግዳውን ሲፍቅ ሰማን።

«የሰው ቀለም ላጥሽ» አለኝ።

«መሪው አንተ ጋ ነው» አልኩት።

«መሪ የያዘማ የሚያየው ወደ ፊት ነው። ኋላ ኋላውን ማየት የረዳት ሥራ ነው። አንቺ ታክሲ ተሳፍረሽ አታውቂም?»

ታች ስንደርስ መሰላሉን ለዘበኛው አደራ ሰጠነው፤ በማግሥቱ ስለምንመለስ። ዘበኛው «ጋሼ፣ ዛሬም አላለቀም?» ሲለው፣ ባሌ «አልቋል፤ የቀረው መዞር ብቻ ነው» አለው። ከዚያ ወደ መሳለሚያ ወርደን ታክሲ ሰልፍ ያዝን። ሁለታችንም ደክሞናል። እሱ አውራ ጣቱ ላይ የቀረውን የናስትሮ ሙጫ በጥፍሩ ይፍቅ ነበር። እኔ ቤት ምን እንዳለ አስብ ነበር፤ ምስር መሰለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ አልተነሣም። ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሙ ደም ግፊት ነው አለ፤ ቀጥሎም ዐርፏል አለ። ስለዚያ ጠዋት ከዚህ የበለጠ ብጽፍ እጄ ይቆማል።

«መዞር» የምንለው ነገር ለሌላ ሰው ትርጉም ስለሌለው ላስረዳ። ከጎጃም በረንዳ ከፍ ብሎ ጠባብ ሱቅ አለን። ሽቦ፣ ሶኬት፣ ማይክራፎን፣ ስፒከር እንሸጣለን። ሰው ሲፈልግ ደግሞ ሄደን እንገጥማለን። እሱ መሰላል ላይ ይወጣል፣ ኮርኒስ ይከፍታል፤ እኔ ከታች ሽቦ እለቅለታለሁ፣ ጫፉን እልጣለሁ፣ እቋጥራለሁ። መጀመሪያ ላይ ሰዉ ይስቅብን ነበር። አንድ የሱቅ ጎረቤታችን «ባልና ሚስት ገመድ ሲጓተቱ በሕግ አምላክ ብሎ የሚገላግል ጠፋ» ብሎ ስንት ጊዜ አስቆናል። ኋላ ላይ ተለመደ። እንዲያውም ቤተሰብ ያለበት ቤት ሲሆን «ከሚስትየው ጋር የሚመጣውን ጥሩልን» የሚሉ በዙ።

ሥራው ሲያበቃ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ እንሞክራለን። ይህን ማንም ባለሙያ ያደርገዋል። እኛ ግን ከዚያ በኋላ ሁሉንም ክፍል በአንድ ጊዜ ከፍተን፣ ጎን ለጎን ሆነን፣ ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው በዝግታ እንሄዳለን። እየሄድን አናወራም። በር ስንሻገር ድምፁ መቆረጥ የለበትም፤ አንዱ ክፍል ጮኾ ሌላው መድከም የለበትም። «ዝናብ ውስጥ እንደ መሄድ ነው፤ የትም ብትቆሚ እኩል ሊያርፍብሽ ይገባል» ይል ነበር። አንዱ ክፍል ከጎደለበት በአገጩ ያሳየኛል። ካልጎደለበት መጨረሻው ክፍል ላይ ቆሞ «በቃ» ይላል። እሱ «በቃ» ሳይል ካቻቢቴ እንኳ ወደ ቦርሳ አይገባም። ሆቴል ይሁን ክሊኒክ፣ ሳንዞርበት የወጣነው ቤት የለም። ይሄኛው ቢሮ ብቻ ነው።

ቢሮው ብርጭቆ፣ ፔርሙዝና የፕላስቲክ ዕቃ የሚያስመጣ የአንድ ነጋዴ ነው። ነጋዴው የወሎ ሰው ናቸው፤ ሁሉም «ሐጂ» ይላቸዋል። ድሮ እህል በረንዳ ጥራጥሬ ሲነግዱ የነበራቸው ድምፅ ነው አሁንም ያላቸው፤ አንድ ሰው ሲፈልጉ ከወንበራቸው ሳይነሡ ይጣራሉ፣ የሚሰማው ግን ሌላ ሰው ነው። ሱቃችን ሲመጡ «ስድስት ክፍል አለኝ፤ ጉሮሮ ግን አንድ ነው ያለኝ» አሉን። ከአንድ ቦታ ተናግረው ሁሉም ክፍል እንዲሰማ፣ በቀረው ጊዜ ደግሞ ለሠራተኛው ለስለስ ያለ ነገር እንዲከፈት ፈልገዋል። ሌላ ቦታ ጠይቀው፣ ያለ ሽቦ በስልክ የሚታዘዝ የውጭ ዕቃ ዋጋ ነግረዋቸዋል።

«በዚህ ዋጋማ» አሉ፣ «ዘፋኙ ራሱ መጥቶ በየክፍሉ ይቀመጥልኝ።»

ባሌ በዚህ ሳቀና እዚያው ቆሞ በሐሳቡ ሠራው። አንድ ያገለገለ አምፕሊፋየር፤ በየክፍሉ ኮርኒስ ላይ አንድ አንድ ስፒከር፤ ከየስፒከሩ ጀርባ ትንሽ ትራንስፎርመር። እንደዚያ ሲሆን ወፍራም ሽቦ አያስፈልግም፤ ቀጭኑ ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ተነሥቶ ከክፍል ክፍል እየተቀጠለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። በየበሩ አጠገብ ድምፅ መቀነሻ ይደረጋል፤ ሒሳብ የሚሠሩት መስማት ካልፈለጉ የራሳቸውን ብቻ ይዘጋሉ። ስፒከሮቹን ያለ ሽፋን ገዛን፤ በርካሽ ስለሚገኙ። የጀርባ ሽፋናቸውን ምናለሽ ተራ ያለ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ከዘይት ጣሳ ሠራልን። አንዱ ጣሳ ላይ የሱፍ አበባው ሥዕል እንዳለ ቀርቶ ነበር። «ኮርኒስ ውስጥ ማን ያየዋል» ስለው «አይጥ» አለኝ።

ከስድስቱ ስፒከሮች አንዱ ከሌላ ፋብሪካ የመጣ ስለሆነ ከእኩዮቹ በላይ ይጮህ ነበር። ያን ማስተካከል አንድ ከሰዓት ፈጀብን። ሽቦውን ድምፅ ወደሚቀንሰው የትራንስፎርመሩ እግር አዛውሮ አሰረው፤ ያኔ ደግሞ አነሰ። ሽቦውን ወደ ነበረበት መልሶ ቦታውን ለወጠው፤ ወደ ሐጂ ክፍል ወሰደው፣ ክፍሉ ሰፊና ምንጣፍ ያለበት ስለሆነ ይውጥለታል ብሎ። ለየብቻ ስንሞክረው ጥሩ ነበር። አብሮ ሲከፈት ምን እንደሚመስል ግን አላወቅንም። እሱም ይህንኑ ለመስማት ቸኩሏል፤ በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ «አሁንስ ልንዞር ነው» ሲል ሰምቼዋለሁ። እጁ አምፕሊፋየሩ ላይ እንዳለ መብራት ሄደ። ሽቦ የተጠቀለለበት እንጨት ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሲመሽ «ነገ እንዞራለን» አለና መሰላሉን አነሣ።

በልቅሶው ሰሞን የቢሮው ሰዎች በሙሉ መጥተው ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። ሐጂ አጠገቤ መጥተው «ልጄ፣ ሥራው የትም አይሄድም፤ ለእሱ አታስቢ» አሉኝ። ያ ቀልደኛ የሱቅ ጎረቤታችን ነው በኋላ ሄዶ የከፈተላቸው። «ምንም አልነካሁም እትዬ፤ ያለቀ ሥራ ነው፣ ማብሪያውን ብቻ ነው የተጫንኩት» አለኝ። ድምፁ እንዴት ነው ብዬ ስጠይቀው «ኧረ ይሰማል» አለኝ። ይሰማል ማለት ለእኛ መልስ አልነበረም።

ልቅሶ ላይ ሰው ለሟች የቀረበትን እያነሣ ያለቅሳል። ቤቱን ሳይጨርስ፣ የልጁን ወግ ሳያይ ይባላል። የእኔን ቁጭት ግን ድንኳን ውስጥ ማንሣት አይቻልም። አንድ ቢሮ ውስጥ ሁሉም ስፒከር በርቶ ከበር እስከ በር ሳንሄድ ቀረን ብል ማን ያለቅስልኛል? ለዚህ ብዬ ዝም አልኩ። ግን አንድ ነገር ወሰንኩ፤ አርባው ይውጣ እንጂ ሄጄ እዞረዋለሁ። ለሁለታችንም እኔ እሰማዋለሁ። ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም፤ አሁንም ሳስበው ሌላ አላገኘሁም።

አርባው ወጥቶ ሄድኩ። ደረጃው ላይ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ከላይ የክራር ድምፅ በስሱ ሰማሁ። እግሬ ፈጠነ። በሩን ስከፍት ቢሮው ጸጥ ብሏል። ጸሐፊዋ ከወንበሯ ተነሥታ፣ አንድ እጇ አምፕሊፋየሩ ላይ እንዳለ፣ «እትዬ፣ ይቅርታ፤ እንደሚመጡ አላወቅንም ነበር፤ አጠፋነው» አለችኝ። የተሳሳተ ነገር ሲሠራ እንደ ተያዘ ሰው ፊቷ ቀልቷል። ሁሉም ከየክፍላቸው ወጥተው እጅ ነሡኝ። ውሃ አመጡልኝ። ተቀመጥኩ።

ሐጂ ክፍላቸው ውስጥ አስገቡኝ። ያ አስቸጋሪው ስፒከር በላያችን ነው፤ ወንፊቱን አየሁት።

«ሐጂ፣ ቢከፍቱልኝ ደስ ይለኛል» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ድምፁን። ሁሉንም ክፍል። አንድ ጊዜ ዞሬው እሄዳለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ጥቁር በለበሰች ሴት ፊት ዘፈን ልክፈት? የሠራልኝ ሰው አፈሩ ሳይደርቅ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ዘፈን አይሁን። ዜና ይሁን።»

«ዜናው ሙሉ ሞት ነው። እሱ ይብሳል።»

«እሺ መንዙማ ይክፈቱልኝ።»

«እሱማ እኔን ነው የሚያስለቅሰኝ፤ ከዚያ ማን ማንን ያጽናና?» አሉና ቴምር ገፋ አደረጉልኝ። «ብዪ። ያልፋል ልጄ። አላህ ያበርታሽ።»

አልተናደድኩባቸውም። እንዴት ልናደድ? ሐዘን ያለበት ቤት ጎረቤት ራዲዮ ሲዘጋ ያደግን ነን። ባሌ ራሱ አንድ ሠርግ ላይ ሙሉ መሣሪያ ደርድሮ፣ ከአጥር ማዶ ልቅሶ ሲነሣ፣ ሙሽሮቹ ወንበር ላይ እንዳሉ ዋናውን ገመድ በእጁ ነቅሏል። የሙሽራው አጎት ሊደበድበው ሲመጣ «ጋሼ፣ ነገ የእርስዎም ቤት ነው» አለው። ስለዚህ ሐጂ ያደረጉትን እሱም ቢሆን ያደርገው ነበር። ይህን ማወቄ ነገሩን አላቀለለልኝም።

ከዚያ በየሰበቡ መሄድ ጀመርኩ። አንድ ቀን ካቻቢቴና ፒንሳ ይዤ «ልፈትሸው» ብዬ ገባሁ። «ምንም ችግር የለበትም እትዬ፣ ለምን ይደክማሉ» አሉኝ። አንድ ቀን ለዕቃ ግዢ እንደመጣሁ ሆኜ ገባሁ። አንድ ቀን ዝም ብዬ ሄድኩ። ሁልጊዜ በሩን ስከፍት ጸጥታ ነው የሚቀበለኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ታች ያለው ዘበኛ ሲያየኝ ለጸሐፊዋ ይደውልላታል፣ እሷ ማይክራፎኑን ይዛ ለሁሉም ክፍል «እትዬ እየመጡ ነው» ትላለች፣ ከዚያ ታጠፋዋለች። እኛ የዘረጋነው ሽቦ ለእኔ ዝም በሉ ለማለት በደንብ ይሠራል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ስወጣ ከሻጮቹ አንዷ «እሳቸው ሲመጡ እኮ ቢሮው ቤተ መጻሕፍት ይሆናል» ስትል፣ ሌላው «ዝም በይ፣ ይሰሙሻል» ሲላት ሰማሁ። እንዲያ ሲንሾካሾኩ የሰማሁት ነው ከዚያ ቢሮ ያገኘሁት ድምፅ።

ለጸሐፊዋ በግልጽ ነገርኳት። «እኔ ቅር አይለኝም፤ እንዲያውም እፈልገዋለሁ» አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። «እትዬ፣ እናቴም አባቴ የሞተ ጊዜ እንደዚህ ትል ነበር። ክፈቱት፣ ምን አለበት ትለናለች። ከዚያ ስንከፍት ትወድቃለች። አላደርገውም፤ ቢቆጡኝም አላደርገውም።»

ምን ትሏታላችሁ? እንዲህ ያለ ደግነት ሰው ላይ ሲዘጋ መክፈቻ የለውም።

ጥቁሩን ያወጣሁት ያኔ ነው። ለዘለቄታው አይደለም፤ ለአንድ ጠዋት። ቡኒ ካፖርት ለበስኩ፣ አበባ ያለበት ሻርፕ ጠመጠምኩ። ቤት ውስጥ መስተዋት አላየሁም። መርካቶ ስደርስ ገና ማለዳ ነው፤ ባለ ጋሪዎቹ «ገለል! ገለል በሉ! እናቴ እግርዎን!» እያሉ ይጋፋሉ። አንዱ ተሸካሚ ጆንያ ሥር ሆኖ «የአበባዋ፣ መንገድ ስጪን!» አለኝ። ከሞተ ጀምሮ ሰው በሐዘን ዓይን ሳያየኝ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነበር፤ እፎይ ማለቴን አልደብቅም። ዘበኛው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ወዴት ነው እህቴ?» አለኝ። «አራተኛ ፎቅ» አልኩና ሳልቆም አለፍኩ።

በሩን ስገፋው ድምፁ አልጠፋም።

የመጀመሪያው ክፍል እንግዳ መቀበያው ነው። ከኮርኒሱ ክራር ይወርዳል፤ አንዲት ሴት ትዘፍናለች። ንጹሕ ነው፤ የጣሳ ድምፅ የለውም። ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ ስልክ ታወራ ነበር። ሁለተኛው ክፍል የሻጮቹ ነው፣ በሩ ክፍት ነው። ወደዚያ ሄድኩ። በሩን ስሻገር አልተቆረጠም። አልጨመረም፣ አልቀነሰም። እሱ ጎኔ ያለ ይመስል ቀስ ብዬ ሄድኩ፤ ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ ትቼ። ክፍሉ መካከል ስደርስ ያቺ «ቤተ መጻሕፍት ይሆናል» ያለችው ሻጭ ቀና ብላ አየችኝ። መጀመሪያ ደንበኛ መስዬያት ፈገግ ልትል ነበር። ከዚያ ካፖርቱን አየች፣ ሻርፑን አየች፣ ፊቴን አየች።

«እትዬ?» አለች። «ጥቁሩን… አወጡት?»

ሁሉም ዞረ። ከኋላዬ ጸሐፊዋ ስልኩን ስትዘጋና ስትሮጥ ሰማሁ፤ ዘፋኟ ቃሏን ሳትጨርስ ድምፁ ጠፋ። አራት ክፍል ይቀረኝ ነበር፤ የሐጂንም ጨምሮ። ማንም ክፉ ነገር አልተናገረኝም። ብቻ ማንም ውሃ አላመጣልኝም።

የባሌ ታላቅ እህት የምትኖረው አውቶቡስ ተራ አካባቢ ነው። ወሬው ለእሷ ሲደርስ ቀኑ አልመሸም። ቤቴ መጥታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ከበደሽ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ጥቁሩ። ወንድሜ ዓመት ሳይሞላው ከበደሽ ወይ ብዬሻለሁ።»

«እታለም፣ ለሥራ ነው የሄድኩት።»

«የምን ሥራ ነው አበባ ሻርፕ የሚያስጠመጥም? ንገሪኝ፣ እኔም ልቀጠር።»

እውነቱን ልነግራት ወሰንኩ። «ድምፁን ልሰማ ነው የሄድኩት» አልኳት።

አፏን በእጇ ያዘች። ቁጣዋ ከፊቷ ሲወርድ አየሁት። በእርሱ ቦታ የመጣው ግን ከቁጣው የባሰ ነበር። «የማንን ድምፅ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«የስፒከሩን። ያ የመጨረሻ የሠራነው…»

«ስፒከር ውስጥ ሆኖ ይጠራሻል?»

«አይ እታለም፣ የእሱን አይደለም፤ የመሣሪያውን…»

«ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» አለች፣ ራሴን ወደ ደረቷ እየሳበች። «ከየት በኩል ነው የሚሰማሽ? ጆሮሽ ላይ ነው? ነገ ጠበል እንሄዳለን።»

ሄድንም። ለብዙ ጠዋት ወሰደችኝ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ተጠመቅሁ። ለሚያጠምቁን አባም «የባሏ ድምፅ ይሰማታል» ብላ ነገረችልኝ። ብሰማውማ ኖሮ ብዬ በልቤ አሰብኩ እንጂ አላረምኳትም። እሷም ወንድሟን ነው ያጣችው፤ ውሃው ስር ቆማ ከእኔ ይልቅ ስታለቅስ የነበረችው እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ወደ ቢሮው አልሄድኩም። ሙት ዓመቱ እስኪደርስ ልጠብቅ አልኩ። ጥቁሩን በወጉ ሳወጣ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ያኔ ማንም የሚያጠፋበት ምክንያት አይኖረውም። ይህን እያሰብኩ ነው ዓመቱን የገፋሁት። ሱቁን ከፈትኩ፤ ሸጥኩ፤ ዘጋሁ። ሽቦ ስለካ፣ የዚያ ቢሮ ሦስተኛው በር ጠባብ እንደ ነበር፣ አራተኛው ክፍል ውስጥ መስኮት ስላለ የመንገዱ ጥሩምባ ሊገባ እንደሚችል አስባለሁ። ሐጂ ክፍል ስደርስ ቆሜ ወደ ላይ ሳልመለከት እንደምሰማ አስባለሁ። በሐሳቤ እንኳ ከሐጂ በር አልፌ አላውቅም፤ እዚያ እቆማለሁ።

ሙት ዓመቱን በጸሎትና በዝክር አሳለፍን። የባሌ እህት ራሷ ጥቁሩን ከላዬ አውልቃ ግራጫ ቀሚስ አለበሰችኝ። በሳምንቱ ወደ ቢሮው ሄድኩ። ዘበኛው ተነሥቶ «እንኳን ለዚህ አበቃዎት እትዬ» አለኝ። አልደወለም። ደረጃውን ስወጣ ምንም አይሰማም ነበር፤ ልቤ ግን ይህን ቶሎ አላስተዋለም።

ሐጂ ሲያዩኝ እጃቸውን ዘረጉ። «ጥቁሩን አወጣሽ? አልሐምዱሊላህ። ነይ፣ ነይ ተቀመጪ።»

«ሐጂ፣ አሁን ይከፈትልኝ» አልኳቸው፣ ገና ሳልቀመጥ።

ሻሻቸውን ከራሳቸው ላይ አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። «የለምኮ ልጄ» አሉ።

ያኔ ነው ቀና ያልኩት። ኮርኒሱ በጂብሰም ተደፍኖ፣ ቀለሙ ከሌላው ትንሽ የነጣ ክብ ሆኗል። በበሩ አጠገብ የነበረው ድምፅ መቀነሻም የለም፤ በቦታው የመብራት ማብሪያ ተተክሏል።

«መቼ እንደምትመጪ አናውቅማ» አሉ ሐጂ። «አንድ ቀን ዘፈን ከፍተን ድንገት ትደርስብናለች፣ ልቧ ይሰበራል እያልን ዝቅ እናደርገው ነበር። የዚያን ቀን ሳታስቢው ገብተሽ ከሰማሽ በኋላ ደግሞ ልጆቹ ፈሩ። ጨርሰው ተዉት። ዝም ያለ ነገር ይረሳል። አሁን ሁሉም በየጆሮው የራሱን ሰክቶ ነው የሚውለው፤ እኔም ወደ ጩኸቴ ተመለስኩ። ኮርኒሱ ሲታደስ ሠራተኞቹ ‹ይሄ ሁሉ ጣሳ ምንድነው?› ብለው አወረዱት። ቁራሌው ወሰደው።»

«ሽቦውስ?»

«ሽቦውንም ስበው አወጡት፤ መዳብ ነው ብለው።»

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው። «ሐጂ፣ ሁሉም ክፍል አብሮ ሲከፈት፣ እዚህ እርስዎ ጋ ድምፁ ይጮህ ነበር ወይስ ከሌላው እኩል ነበር?»

አሰቡ። የእውነት ለማስታወስ ሞከሩ፤ ዓይናቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ጢማቸውን ይዘው። እኚያ ሰው ሊዋሹልኝ ይችሉ ነበር፤ አልዋሹም።

«ወላሂ ልጄ፣ አላስተዋልኩም» አሉ። «አንድ ነገር ይሰማ ነበር። ደስ ይል ነበር መሰለኝ።»

ጸሐፊዋ ውሃ አመጣችልኝ። ጠጣሁት። እናቷ እንዴት እንዳለች ጠየቅኋት፤ ደኅና ናት አለችኝ። ከዚያ ወጣሁ። ሐጂ እስከ ደረጃው ሸኙኝ፤ «ቤትሽ ነው፣ እየመጣሽ ጠይቂን» አሉ። እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሕንፃ በኩል አላለፍኩም፤ ታክሲ ስይዝ በሌላኛው መንገድ እዞራለሁ።

ስለ ባሌ ሳስብ አሁን የሚያስጨንቀኝ ሞቱ አይደለም። ሞቱን ሰው ሁሉ አብሮኝ አልቅሶታል። ያ ስፒከር ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ግን የሚያውቅ ሰው የለም። እሱ አልሰማውም፤ እኔ አልደረስኩበትም፤ የሰሙት አላስተዋሉትም። ጥሩ ይሁን መጥፎ፣ የመጨረሻው የእጁ ሥራ ምን እንደ ነበር የሚነግረኝ የለም፤ አይኖርምም።

ሱቁ አልተዘጋም። ሽቦ በሜትር ቆርጬ እሸጣለሁ፤ ግጠሙልን ብሎ የሚመጣውን ወደ ጎረቤቴ ሱቅ እልከዋለሁ።